የኔ ቢጤ በምግብ ቤት ደጅ

እንደ አርብ ገበያ ባለች የገበያ ከተማ ምግብ ቤት ገብቶ የተቀመጠ ሰው፣ እንጀራው ሳይቀርብ የለማኝ ድምፅ ቢሰማ አይገርመውም። አስተናጋጁ «እግዜር ይስጥልን!» ብሎ ያሰናብተዋል፤ ተመጋቢውም ወደ ትሪው ይመለሳል።

ልመና ግን በዚህ አገር ታሪክ አለው። ጋይንት የቤተልሔም ድጓ ምስክር ቤት ያለበት ምድር ነው፤ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባም በዚያው በደቡብ ጎንደር ይገኛል። ወደ እነዚህ ጉባኤዎች ከሩቅ የሚመጣው የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ ዱላ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይዞራል። የባለጸጋ ልጅም ቢሆን ይለምናል፤ ልመናው የትሕትና ትምህርት ነውና። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ ቤተ ክርስቲያንም መሬቷን አጣች፤ የጉባኤ ቤቱ ኑሮ ይበልጡን በሕዝቡ ቁራሽ ላይ ወደቀ።

ሌላው የደጅ እንግዳ ላሊበላው ነበር። ጎህ ሳይቀድ ይመጣል፤ የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ጠይቆ በዜማው ያስገባል። የሰጠውን ይመርቃል፣ የነፈገውን በግጥም ይሸነቁጣል። ዜማውን ቢተው ቁምጥና ይይዘዋል ተብሎ ይታመን ነበር።

ሁለቱም የሚቆሙበት ደጅ ባለቤት ነበረው። እመቤቲቱ ከጓዳዋ ትሰማለች፤ ብትሰጥም ብትነፍግም የራሷን ነው። የምግብ ቤት እንጀራ ግን ዋጋ ወጥቶለታል፤ አስተናጋጁ ከእጁ የሚሰጠው የለውም፣ ተመጋቢውም ደጁ የኔ ነው አይልም።

አማርኛ ለማኙን «የኔ ቢጤ» ይለዋል፤ እኔን የመሰለ ማለት ነው። ቃሉ ዛሬም ከአፋችን አልጠፋም፤ በምግብ ቤቱ ደጅ ግን የሚመልስለት ሰው አጥቷል።