ኤችዲ ቴሌቪዥን የትኞቹን የምስል ጥራቶች ይቀበላል?

አዲስ ሪሲቨር ተገዝቶ ከቴሌቪዥኑ ጋር ሲገናኝ ስክሪኑ ጠቁሮ «ኖ ሲግናል» ወይም «ኖት ሰፖርትድ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ብቅ ካለ፣ ብዙ ሰው ከሁለቱ አንዱ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል። ከከተማ ርቆ የሚኖር አርሶ አደር ከሆነ ቴሌቪዥኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወደ ጥገና ቤት ይጓዛል፤ የመኪናም የጠጋኝም ገንዘብ ይወጣል። አንዳንድ ጊዜ ግን ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ሪሲቨሩ የሚልከው የምስል ጥራት ቴሌቪዥኑ ከሚቀበላቸው ውስጥ ባለመሆኑ ብቻ ምስሉ ይጠፋል።

የቴሌቪዥን ምስል የሚሠራው ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ነው። ነጥቦቹ በአግድም መስመሮች የተደረደሩ ሲሆን፣ የጥራቱ ስያሜ የሚወሰደው ከመስመሮቹ ብዛት ነው። በሀገራችን ለረጅም ዘመን የኖረው መደበኛ ሥርጭት 576 መስመሮች አሉት። የኤችዲ ደረጃ የሚጀምረው ከ720 ሲሆን፣ ይህም 1280 በ720 ነጥብ ማለት ነው። ከእርሱ በላይ ያለው 1920 በ1080 ነጥብ ሲይዝ፣ በድምሩ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች ይሆናሉ።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚጻፈው ፊደልም ትርጉም አለው። «ፒ» ካለ የአንዱ ምስል መስመሮች በሙሉ በአንድነት ይላካሉ። «አይ» ካለ ግን በመጀመሪያ ጎዶሎዎቹ፣ ቀጥሎ ሙሉዎቹ መስመሮች ይላካሉ፤ ቴሌቪዥኑና ዓይናችን ያዋሕዷቸዋል። 1080አይ ከ1080ፒ ይልቅ በአንድ ጊዜ የሚሸከመው መረጃ ግማሽ በመሆኑ ለሥርጭት ተመራጭ ሆኖ ቆይቷል።

በዋናነት መታወቅ ያለበት ግን ቴሌቪዥን የሚቀበለው ጥራትና በስክሪኑ የሚያሳየው ጥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። በ2005 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአውሮፓ የወጣው «ኤችዲ ሬዲ» የተሰኘው ምልክት፣ ስክሪኑ ቢያንስ 720 መስመሮች እንዲኖሩትና ቴሌቪዥኑ 720ፒንና 1080አይን እንዲቀበል ያስገድድ ነበር። 1080ፒን መቀበል ግን ግዴታ አልነበረም። ስለዚህ ያገለገለ የቆየ ቴሌቪዥን የገዛ ሰው ሪሲቨሩን 1080ፒ ላይ ቢያደርገው ምስል ላያገኝ ይችላል፤ 720ፒ ወይም 1080አይ ላይ ቢመልሰው ግን ይሠራል።

በተቃራኒው ያለው ደግሞ በገበያ ላይ ኪስ የሚጎዳው ነው። ብዙ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች የስክሪናቸው ልክ 1366 በ768 ነጥብ ነው። 1080ፒ ሲላክላቸው ይቀበሉታል፤ ነገር ግን አሳንሰው ያሳዩታል። ካርቶኑ ላይ «1080ፒ ሰፖርት» ተብሎ የተጻፈው ስለሚቀበሉት እንጂ ስለሚያሳዩት አይደለም። ገዢ ሊጠይቅ የሚገባው የስክሪኑን ልክ ሲሆን፣ በመመሪያው ላይ «ኔቲቭ ሪዞሉሽን» ወይም «ፓነል ሪዞሉሽን» በሚለው ሥር ይገኛል። ይህ ሲባል 768 መስመር መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ባለ 32 ኢንቹን ከሦስት ሜትር ርቀት ለሚመለከት ቤተሰብ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። ጉዳቱ የአንዱን ዋጋ ከፍሎ ሌላውን መውሰድ ነው።

ምስል ሲጠፋ በቅድሚያ የሚሞከረው ቀላል ነው። በበርካታ ሪሲቨሮች ሪሞት ላይ «ቪ ፎርማት» ወይም «ቪ ሞድ» የሚል ቁልፍ አለ። እርሱን አንድ ጊዜ ተጭኖ ጥቂት ሰከንዶች መጠበቅ፣ ካልመጣ ደግሞ መድገም ነው፤ አከታትሎ መጫን የሚሠራውን ጥራት ሊያሳልፍ ይችላል። ቁልፉ ከሌለ ሪሲቨሩን በቀይ፣ ነጭና ቢጫው ገመድ ማገናኘትና ቴሌቪዥኑን «ኤቪ» ላይ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ ገመድ መደበኛውን ጥራት ብቻ ስለሚያስተላልፍ በአብዛኛው ሜኑው ይታያል። ከዚያ ጥራቱን 720ፒ ወይም 1080አይ፣ በ50 ኸርዝ አድርጎ ወደ ኤችዲኤምአይ ገመድ መመለስ ነው።

ዘመድ ከአሜሪካ ላመጣው ቴሌቪዥን ግን 50 ኸርዝ ራሱ ችግር ሊሆን ይችላል። ለዚያ ገበያ ከተሠሩት ውስጥ 60 ኸርዝ ብቻ የሚቀበሉ ስላሉ ሪሲቨሩ 60 ላይ መሆን ይኖርበታል። ከሁሉ በፊት ግን ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ይገባል። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር በእኛ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል።

በፍላሽ የመጣ የሠርግ ቪዲዮ ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ሲጠፋም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሣል። ዘመናዊ ስልኮችና ካሜራዎች በፎርኬ፣ ማለትም በ3840 በ2160 ነጥብ፣ መቅረጽ ይችላሉ። ይህ የባለ 1080ውን ስክሪን ነጥቦች አራት እጥፍ በመሆኑ ተራ ኤችዲ ቴሌቪዥን ከፍላሽ ላያጫውተው ይችላል። አንዳንዴም የነጥቡ ብዛት ተስማምቶ ቪዲዮው የታመቀበት ስልት አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ኤች 265 የሚባለውን የቆዩ ቴሌቪዥኖች አያውቁትም። መፍትሔው ቪዲዮ አንሺውን በ1080ና በኤች 264 አድርጎ እንዲያስረክብ ከመነሻው መጠየቅ ነው።

በመደበኛ ጥራት የሚሠራጭ ጣቢያ ሪሲቨሩ 1080 ላይ ስለተደረገ የበለጠ አይጠራም፤ ያው 576 መስመር ተለጥጦ ይታያል እንጂ። የኤችዲ ጣቢያዎችን ለማየት ቴሌቪዥኑ ብቻ ኤችዲ መሆኑ አይበቃም፤ ሪሲቨሩም ኤችዲ መሆን አለበት። ዲሹ ግን አቅጣጫው በትክክል ከተስተካከለ የቀድሞው ያገለግላል።