ድሃ መሆናቸው ታውቆ

በ1973 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሰባተኛ ክፍል ልመዘገብ ነበር። መመዝገቢያው ዛሬ ሲነገር የሚያስቅ ገንዘብ ነው፤ ዐሥር ብር አይሞላም። እናቴ ግን ያንንም አልነበራትም። ትምህርት ቤቱ «ከቀበሌው የድህነት ማስረጃ ያመጣ በነፃ ይመዘገባል» ስላለ ወደ ቀበሌ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ለእሷ መሥሪያ ቤት መሄድ ቤተ ክርስቲያን እንደ መሄድ ነበርና ከሣጥኗ ያለቻትን አንዲት ደኅና ነጠላ አውጥታ ለበሰች።

ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠው ሰውዬ ከላይ እስከ ታች አያትና፣ «እትዬ፣ ይህን የመሰለ ነጠላ ለብሰው ድሃ ነኝ ይሉኛል?» አላት። ተራ የሚጠብቁት ሳቁ። እናቴ አልመለሰችለትም። በማግስቱ ጭስ የጠጣውን የጓዳ ነጠላዋን ለብሳ፣ ሦስት ጎረቤቶች ለምስክርነት ይዛ ተመለሰች። ወረቀቱ ተጻፈላት። ድሃ መሆን ብቻውን እንደማይበቃ፣ ድሃ መምሰልም እንደሚያስፈልግ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ኋላ የሥነ ጽሑፍ መምህር ሆኜ ሌላውን ጽሑፍ ሁሉ ስመረምር ያቺ ደብዳቤ ትዝ ትለኝ ነበር። «ድሃ መሆናቸው ታውቆ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው» ትላለች። «ታውቆ» የሚለውን ልብ በሉልኝ። ማን አወቀ? እንዴት አወቀ? ግሱ ባለቤቱን ደብቋል። የማስረጃው ታሪክ በሙሉ የዚህ የተደበቀ ባለቤት ታሪክ ነው እላለሁ።

ከጥንቱ እንጀምር። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ ድህነቱን የሚያስመሰክርበት ወረቀት አልነበረውም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ ከደጅ ይቆምና «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ያለው ይሰጠዋል፣ የሌለው «እግዜር ይስጥልኝ» ይለዋል። አባትህ ስንት ጥማድ በሬ አለው ብሎ የሚጠይቀው የለም። ደኅና ኑሮ ካለው ቤት የወጣውም ልጅ ከሌሎቹ እኩል ይለምናል፤ ልመናው የትምህርቱ ክፍል ነውና። ኑሮው ከባድ ነበር፤ ውሻውም፣ ረኃቡም፣ ቁንጫውም ነበር። አላሳምረውም። ግን ሁሉም ስለሚለምን ማንም በልመናው ተለይቶ አያፍርም። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ መንግሥት ራሱ ተማሪ ለማኝ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር ተማሪው ምግቡም መኝታውም በነፃ ነበር። የተማረ ሰው ጠፍቶ አገር በሚፈልግበት ጊዜ የአባትን ገቢ ማጣራት ምን ይሠራል? ለየት ያለ ችግር ያለበት ደግሞ አቤቱታ ጽፎ ደጅ ይጠናል። አቤቱታ አሳዛኝ መሆን አለበት፤ አሳዛኝ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ማግኘትም ገንዘብ ይጠይቃል። ከፖስታ ቤቱ አጠገብ ተቀምጠው በክፍያ ማመልከቻ የሚጽፉት ሰዎች የድህነት የመጀመሪያ ደራሲዎቻችን ነበሩ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ያ በነፃ የተማረው ትውልድ ነው በ1958 ዓ.ም. ስለ ሾላው ካምፕ አደባባይ የወጣው። የኔ ቢጤዎች ከከተማው እየታፈሱ እንዲታጎሩ መደረጉን ሲሰሙ፣ ተማሪዎቹ «ድህነት ወንጀል ነውን?» የሚል መፈክር ይዘው ተሰለፉ። ከመሬት ላራሹ ጎን ሲቆም አነስተኛ መፈክር ይመስላል። እኔ ግን የእናቴን ነጠላ ሳስብ ዛሬም መልስ ያላገኘ ጥያቄ ሆኖ ይታየኛል።

ቀበሌ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የወረሰው የሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ። ቀበሌ ቤት ያከራያል፣ መታወቂያ ይሰጣል፣ ከዚያም «ታውቆ» ብሎ ይጽፋል። በመርሕ ደረጃ መጥፎ ሐሳብ አልነበረም። ቀበሌ ማለት ጎረቤት ነዋ! የሰውን ገመና ከጎረቤት በላይ ማን ያውቀዋል? ችግሩ ጎረቤት ማኅተም ሲይዝ ጎረቤትነቱ መቅረቱ ነው። ቡና ሲጠራሩ ሳይነገር የሚታወቅ ነገር፣ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግን ጮክ ተብሎ መነገር ነበረበት፤ ያውም በወረፋ ፊት።

ቃሉም አብሮ ሲለዋወጥ ኖሯል። በግዕዙ «ነዳይ» ነበር። በደብዳቤው «ድሃ» ሆነ። «ድሃ» ሲከብድ «ችግረኛ» መጣ፣ ቀጥሎ «አቅመ ደካማ»፣ አሁን ደግሞ «ዝቅተኛ ገቢ ያለው የኅብረተሰብ ክፍል»። ስሙ እየረዘመ ሄደ፤ ወረፋው ግን አላጠረም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። በ1990ዎቹ ዓመታት በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የክፍላችን መምህራን ተዋጥተን ለጥቂት ችግረኛ ተማሪዎች የሳሙናና የደብተር ገንዘብ ልንሰጥ ተስማማን። ሦስት ሆነን አጣሪ ኮሚቴ ተባልን። ከቀበሌያቸው ማስረጃ ያምጡ አልን። መጣ። ከሁሉ አምሮ በታይፕ የተጻፈውን፣ ማኅተሙም ቁልጭ ያለውን ደብዳቤ ያመጣው ልጅ አባት የራሱን አይሱዙ እየነዳ ልጁን ሊጠይቅ የመጣ ጊዜ ነው ነገሩ የገባን። በዚያው ሰሞን አንዲት ተማሪዬ ባዶ እጇን መጣች። እናቷ የቀን ሠራተኛ ነች፤ ጓዳ ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ቀበሌው «መታወቂያ የላቸውም፣ ነዋሪዬ አይደሉም» ብሎ መልሷታል። ድሃ ለመባል እንኳ አድራሻ ያስፈልጋል! እኛም «መመሪያ መመሪያ ነው» ተባባልንና ደብዳቤ ላመጡት ሰጠን። ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርሜያለሁ። ልጅቷ ሁለተኛ አልጠየቀችንም።

በ1996 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የወጪ መጋራት ተጀመረ። በ1995 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 91 መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲሸፍን ተወሰነ። ክፍያው ግን ዛሬ ሳይሆን ሥራ ሲይዝ ነው፤ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ፣ እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጊዜ። ሐሳቡ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 ከጀመረችው ሥርዓት ጋር ይዛመዳል።

ያኔ ብዙዎቻችን ተቃውመናል። በነፃ ተምረን ሌላውን ማስከፈል ነውር መስሎን ነበር። ዛሬ ሳስበው ደንቡ ያደረገው አንድ ትልቅ ነገር አምልጦን ነበር፤ ለብድሩ የአባትን ገቢ አልጠየቀም። የገበሬው ልጅም የነጋዴው ልጅም በአንድ ወረፋ ቆመው ያንኑ ውል ፈረሙ። ሁሉም ስለሚበደር ማንም በመበደሩ አላፈረም። አኮፋዳው ተመለሰ ማለት ነው፤ ያዙልኝ ያልኩት ይኼን ነው።

ጉድለት የለውም አልልም። ዕዳውን እስኪከፍል ድረስ ዋናውን ዲግሪ ሳያይ በ«ቴምፖራሪ» የሚንከራተተው ተመራቂ ብዙ ነው። ያለው አባት ወዲያው ከፍሎ ይገላገላል፤ የሌለው ልጅ ወላጆቹን እየጦረ ይቆረጥበታል። የእኩል ውል እኩል ሸክም አይደለም። ሳሙና፣ ፎቶ ኮፒና ወደ አገር ቤት መሄጃ ትራንስፖርትም በውሉ ውስጥ የሉም። ስለዚህ የቀበሌ ደብዳቤ በሌላ በር ተመልሶ ገባ።

«ታዲያ ገቢን በትክክል አጣርቶ ለሚገባው መስጠት አይሻልም?» የሚሉኝ አሉ። ይሻል ነበር፣ ቢታወቅ። በእኛ አገር ገቢው እስከ ሳንቲሙ የሚታወቀው የደመወዝተኛ ብቻ ነው። የመምህር፣ የነርስ፣ የጥበቃ ሠራተኛ ገቢ በፔይሮል ተጽፎ ይታያል። የገበሬው ገቢ በጎተራው፣ የባለ ጉልቷ በመቀነቷ ነው። መንግሥት ራሱ በ2009 ዓ.ም. የአነስተኛ ነጋዴዎችን የቀን ገቢ ልገምት ብሎ ምን እንደ ደረሰ የምናስታውስ ነን፤ ግምቱ በዛብን ብለው ሱቃቸውን የዘጉ ነጋዴዎች ነበሩ። ግብር ሰብሳቢው ያላወቀውን ገቢ የዩኒቨርሲቲ ኮሚቴ በአንድ ገጽ ቅጽ ሊያውቀው ነው? ውጤቱ የታወቀ ነው፤ ማስረጃ ያለው ደመወዝተኛ «ሀብታም» ይሆናል፣ ማስረጃ የሌለው ባለ ንብረት «ድሃ» ይሆናል፣ ማስረጃም ንብረትም የሌላት የቀን ሠራተኛ ከነጭራሹ አትኖርም።

ጎረቤታችን ኬንያ ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1995 የተማሪዎች ብድር ቦርድ አቋቁማ በቅጽ ስታጣራ ኖረች። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ተማሪዎችን በቤተሰባቸው የኑሮ ደረጃ በየእርከኑ የሚመድብ አዲስ ሥርዓት አመጣች። ያለ አቅሜ ከላይ መደቡኝ የሚለው አቤቱታ በዛ፤ በ2024 ማብቂያ ላይ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥርዓቱ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ወሰነ፣ መንግሥትም ይግባኝ አለ። በኮምፒውተር የተደገፈውም «ታውቆ» ባለቤቱ አልታወቀም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ አዋጅ ከወጣና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ከሆነ ወዲህ፣ ማን ከፍሎ ይማር፣ ማን ይደገፍ የሚለው ጥያቄ እንደገና ጠረጴዛ ላይ ነው። ነገ ቅጽ የሚያረቅቅ ሰው ይኖራል። ለእሱ ሦስት ነገር ብዬ ላብቃ።

በተቻለ መጠን የአባትን ገቢ ዛሬ ከመጠየቅ የልጁን ገቢ ነገ ጠይቅ፤ የልጁ ቢያንስ ይታወቃል። የግድ ዛሬ መጠየቅ ካለብህ ማኅተም የያዘ አንድ ሰው አይበቃም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠሩ ሴፍቲኔት፣ ምንም ጉድለት ቢኖርበት፣ ማን ይበልጥ እንደተቸገረ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ እንዲመክር ያደርጋል፤ ቅር ያለውም አቤት የሚልበት አለው። ልጁን ለዓመታት ያስተማረው መምህርም ብዙ ያውቃል። ሦስተኛው፣ ስሕተት ሁለት ዓይነት መሆኑን አትርሳ። ባለ አይሱዙው ልጅ አጭበርብሮ ቢያልፍ የጠፋው ገንዘብ ነው፤ ገንዘብ ይመለሳል። መታወቂያ የሌላት እናት ልጅ ስትቀር የሚጠፋውን ግን ማንም ኦዲተር መዝግቦት አያውቅም። እኛ አጣሪዎች ዕድሜ ልካችንን የተጠነቀቅነው ለመጀመሪያው ብቻ ነው።

እናቴ ያቺን ደብዳቤ ለትምህርት ቤቱ ሰጠች፤ በነፃም ተመዘገብኩ። የሚቀጥለው ዓመት ግን ቀበሌ አልሄደችም። ገንዘቡን ከየት እንዳመጣችው አልነገረችኝም፤ ደኅናዋን ነጠላ ግን ከዚያ በኋላ አይቻት አላውቅም።