የቨርቹዋል ማሽን ፓርቲሽንን በትእዛዝ መስመር ማስፋት

በቨርቹዋል ማሽን ዲስክ ላይ ያለ ፓርቲሽን የሚይዘውን ቦታ በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ የመጨመር የሥርዓት አስተዳደር ተግባር ነው። አስፈላጊነቱ ጎልቶ የሚታየው የግራፊክ ገጽታ በሌላቸው ሰርቨሮች ላይ ነው።

ዲስኩ፣ ፓርቲሽኑና የፋይል ሥርዓቱ በየተራ ይሰፋሉ። በኬቪኤም ቨርቹዋላይዜሽን ላይ ማሽኑ ጠፍቶ በ«ኬሙ-አይኤምጂ ሪሳይዝ» የዲስኩ ፋይል 20 ጊጋባይት ቢጨመርለት፣ ውስጥ ያለው ሊኑክስ ትልቁን ዲስክ ያያል፤ «ዲኤፍ» የተባለው ትእዛዝ የሚያሳየው ነጻ ቦታ ግን ባለበት ይቆያል። ፓርቲሽኑን «ግሮውፓርት» ወይም «ፓርትድ» ይዘረጋዋል። ቀጥሎ ከፋይል ሥርዓቶቹ ኤክስት4 በ«ሪሳይዝ2ኤፍኤስ»፣ ኤክስኤፍኤስ ደግሞ በ«ኤክስኤፍኤስ_ግሮውኤፍኤስ» ይሰፋል፤ ሁለቱም ሥራ ሳይቋረጥ ማደግ ይችላሉ።

ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው የፓርቲሽኖቹ አቀማመጥ ነው። ከሚሰፋው ፓርቲሽን ቀጥሎ የስዋፕ ፓርቲሽን ካለ መንገዱን ይዘጋል፤ ስዋፑ ተዘግቶ ይሰረዝና በዲስኩ መጨረሻ እንደገና ይፈጠራል፣ መለያው ስለሚቀየርም «ኤፍኤስታብ» ፋይል ውስጥ ይታረማል። ጂፒቲ የተባለው የፓርቲሽን ሰንጠረዥ መጠባበቂያ ቅጂውን በዲስኩ ጫፍ ስለሚያስቀምጥ ቅጂው ወደ አዲሱ ጫፍ መዛወር አለበት። ሌላው የሰንጠረዥ ዓይነት ኤምቢአር ባለ512 ባይት ሴክተር ዲስክ ላይ ከ2 ቴራባይት ግድም አያልፍም።

ማሳነስ በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል የሚከናወንና ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ኤክስት4 አስቀድሞ ከማውንት መውረድ ይኖርበታል።