ጎንደር ነፃ የወጣችው በኅዳር ነው

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን አራት ኪሎ በሚገኘው የድል ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፤ ኒሻን ይደረደራል፤ ፉከራና ቀረርቶ ይሰማል። በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አዛዥ ባዶሊዮ አዲስ አበባን የያዘው በዚህ ቀን ነበር፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ከተማቸው የተመለሱትም ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ይሁንና ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ጎንደር ገና በጠላት እጅ ነበረች። በዚያ የነበረው የኢጣሊያ ጦር አዛዥ ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ ከዋናው የድል ቀን በኋላ ሰባት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። የኢጣሊያው እንደራሴ የአኦስታው መስፍን አምባላጌ ላይ የተማረከው ግንቦት 11፣ ጅማ የተለቀቀችው ሰኔ 14 ነበር። ደሴ ደግሞ ቀድማ ሚያዝያ 18 ነፃ ወጥታለች። ነፃነት ወደ አገሩ የገባው በየደጁ፣ በየቀኑ ነው። እንግዲያው የድል በዓላችን ከሐውልት ሥር ሥነ ሥርዓት አልፎ እንዲዘልቅ ከተፈለገ፣ እያንዳንዱ ከተማና አውራጃ የራሱን ቀን ሊያውቅና ሊያከብር ይገባል።

አገር አቀፉ ቀን ራሱ በመንግሥታት ፈቃድ ሲመረጥና ሲለወጥ የኖረ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። ደርግ በዓሉን ከንጉሡ መመለስ ለመነጠል ወደ መጋቢት 28 አዛወረው፤ በዚያ ቀን ነበር የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባን የያዘው። ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ደግሞ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው፤ ጥር 12 ቀን ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማቸውን የሰቀሉት ንጉሠ ነገሥት ጎጃምን አቋርጠው ደብረ ማርቆስ የገቡት ያንኑ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ንጉሡን ለማስረሳት የተመረጠው ቀን ደብረ ማርቆስ ላይ ሆኖ ለሚያየው የንጉሡ የመግቢያ ቀን ነው። በዓሉን ከመዲናዋ ብቻ የሚያይ እንዲህ ያለው ነገር ያመልጠዋል።

ጦርነቱም በየአገሩ የተካሄደ ነበር። የአምስቱ ዓመት አርበኛ ባብዛኛው የተዋጋው ተራራውን፣ ሸለቆውንና ዘመዱን በሚያውቅበት ቀዬ ነው፤ ስንቁ የሚመጣው ከገበሬው ጎተራ፣ ወሬው የሚደርሰው በገበያተኛ አፍ ነበር። አበበ አረጋይ በሸዋ፣ በላይ ዘለቀ በጎጃም፣ ገረሱ ዱኪ በደቡብ ምዕራብ፣ ውብነህ ተሰማ በጎንደር ሲዋጉ አንድ ጠቅላይ አዛዥ አልነበራቸውም። ገሪማ ታፈረ መጽሐፋቸውን «ጎንደሬ በጋሻው» ብለው የሰየሙት የዚያ ትግል መልክ እንዲህ ስለነበረ ነው። ወደ አንድ በዓል ሲጠቀለል የሚጠፋ አለ። አዲስ አበባ ላይ የተረሸኑት አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ቆሞላቸው ስማቸው በሁሉም አፍ አለ፤ ከንጉሡ ስደት በኋላ ለወራት የመንግሥት መቀመጫ በነበረችው በጎሬ የተገደሉት አቡነ ሚካኤል ግን ከዚያ እጅግ ባነሰ ይነሣሉ። ሰማዕትነታቸው አንድ ነው፤ ርቀቱ ከአራት ኪሎ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ ቀላል አድርጌ አላየውም። በየክልሉ ወሰን ደም በሚፈስበት ዘመን በየአካባቢው የነፃነት ቀን ማክበር ሌላ መለያ መፍጠር አይሆንም ወይ? ፋሺስቱም ቢሆን ቀድሞ ያደረገው ምሥራቅ አፍሪካን በስድስት ግዛት ሸንሽኖ ሕዝቡን በዘርና በሃይማኖት ማናከስ ነበር። ስጋቱ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ዝምታ ሊሆን አይችልም። የአካባቢው ታሪክ በሥርዓት ካልተነገረ ጉራና ቂም ይረከቡታል። በማስረጃ ከተነገረ ደግሞ ለብቻ መኩራራት አይመችም፤ በጎንደር የመጨረሻ ውጊያ ከአርበኞቹ ጋር ከኬንያ የመጡ ወታደሮች ተሰልፈው ነበር። ኅዳር 18ን በሐቅ የሚያከብር ጎንደሬ እነሱንም ማንሣት ይኖርበታል።

ከዚህ የሚከብደው የባንዳ ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ ባንዳ ማለት ስም የለሽ ከሃዲ ነው፤ ገጠር ላይ ግን የጎረቤት አያት ነው። ደብረ ማርቆስን ለኢጣሊያ ይዘው የቆዩት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ ነበሩ። በአንጻሩ በላይ ዘለቀ ጠላትን አምስት ዓመት ከተዋጋ በኋላ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በራሱ መንግሥት ተሰቀለ። በአንድ ሰዓት ሰልፍ ይህን ሁሉ መናገር አይቻልም፤ ማዕከላዊው በዓልም ዝም ብሎ ማለፉን መርጧል። ብዙዎች ቁስል ከመቀስቀስ ዝምታው ይሻላል ይላሉ። ነገር ግን የጎጃም ሰው ይህን ታሪክ ረስቶት አያውቅም፤ በልቅሶው፣ በሠርጉ፣ በቀረርቶው ሲቀባበለው ኖሯል። የጎደለው ወረቀት፣ ቀንና ምስክር ነው።

ምስክሩ ደግሞ አልቋል ማለት ይቻላል። በ1933 የሃያ ዓመት ጎረምሳ የነበረ ዛሬ መቶ ዓመት አልፎታል። የቀረው በየቤቱ ሣጥን ያለ የኒሻን ምስክር ወረቀት፣ በየደብሩ ለሙታን የሚደረግ ዝክር፣ በአርበኞች ማኅበር እጅ ያለ መዝገብ ነው። የአካባቢ በዓል ይህን ለመሰብሰብ ምክንያት ይሆናል፤ የመንግሥት ዕረፍት ቀን መሆንም አያስፈልገውም። ኅዳር 18 ከጽዮን ማርያም በዓል ሦስት ቀን ቀድሞ ስለሚውል ለጎንደር ሰው ለማስታወስ አይቸግርም። ከተማዋን ለእንግዳ የሚያስጎበኝ ሰው የፋሲልን ግንብ በዝርዝር ይተርካል፤ በፒያሳ የቆሙትን የኢጣሊያ ዘመን ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤት ሲያሳይም የሠራቸው ጦር መቼና እንዴት እጁን እንደሰጠ ሊነግረው ይገባል።