በአፎቱ ላይ የሌለው ስም

እንደሚታወቀው፣ አንድ አሮጌ የጦር ሜዳ ዕቃ የታሪክ ማስረጃ ሊሆን የሚችለው ማን፣ የትና መቼ እንደ ሠራው ሲታወቅ ነው። ለዚህም በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት የጀርመን ጦር የቆዳ የሽጉጥ አፎት ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

የጀርመን ምድር ጦር እ.ኤ.አ. በ1908 ሉገር የተባለውን ሽጉጥ ሲቀበል፣ አፎቱ ከወፍራም ቆዳ ተሰፋለት። ክዳኑ መሣሪያውን ፈጽሞ ይሸፍናል፤ በጎኑ ለትርፍ ካዝና የሚሆን ኪስ አለው። በጀርባው የሠሪው ድርጅት ስም፣ ከተማውና ዓመቱ ይታተምበት ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን ስሙ በምስጢር ፊደላት ተተካ። ስለሆነም አስተዋይ ሰብሳቢ አስቀድሞ የሚመረምረው ማኅተሙን ነው። ቆዳውን በዘይት የሚያወዛ፣ አሮጌውን ክር በአዲስ የሚተካ ሰው ዕቃውን አሳምሮ ምስክርነቱን ያጠፋል።

የጀርመን መሣሪያ ወደ አገራችንም ዘልቋል። ሂትለር ጣሊያን በአፍሪካ እንድትጠመድለት በማሰብ በ1927 ዓ.ም. ክረምት ለኢትዮጵያ በምስጢር መሣሪያ እንዲላክ ፈቀደ፤ ከተላከውም ውስጥ 10,000 የማውዘር ጠመንጃና 10 ሚሊዮን ጥይት ይገኝበታል። ብረቱ ከባሕር ማዶ ቢመጣም፣ ቆዳ አልፍቶ ዝናርና ማንገቻ የሚሰፋ ባለሙያ በአገር ውስጥ ነበር።

ይሁን እንጂ የዚህ ባለሙያ ዕጣ ሌላ ነው። ከቡታጅራ ብዙም የማይርቀው እንሴኖ በሚገኝበት በጉራጌ ምድር፣ ቆዳ አልፊው እንደ ቀጥቃጩና እንደ እንጨት ጠራቢው ሁሉ ለዘመናት በጋብቻ ተለይቶ ኖሯል። እጁ ይፈለጋል፤ ስሙ አይነሣም። እርግጥ የጀርመኑም ማኅተም ድርጅቱን እንጂ መርፌ የያዘውን ሠራተኛ አይጠራም። ያም ሆኖ ለተመራማሪ የፍለጋ በር ይከፍታል። የአርበኛውን ዝናር የሰፋው ሰው ግን በሥራው ላይ ይህን ያህል ምልክት እንኳ አልተወም።

ስለዚህ የባህል ሠራተኛውም ሆነ መምህሩ በየቤቱ ግድግዳ የተሰቀለውን ዝናርና አፎት ሲያገኝ፣ ለመወልወልም ሆነ ለመውሰድ መቸኮል የለበትም። አስቀድሞ አረጋውያንን «ማን ሰፋው? ቆዳውስ የት ለፋ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም መዝግቦ ከዕቃው ጋር ያኑር። በቆዳው ላይ ያልታተመው ስም ቢያንስ በመዝገብ ላይ ይስፈር።