ጎበጠ

«ጎበጠ» ለሽማግሌም ለወራጅም የምንለው ቃል ነው። አናጺ ግን ሁለት ዓይነት ጉብጠት ያውቃል፦ ሸክሙ ሲነሳ የሚቃናውን፣ ሲነሳም የማይመለሰውን። አማርኛችን ሁለቱን በአንድ ስም ይጠራል፤ ኮምፒውተር ግን ለየብቻ ካልነገሩት አይገባውም።

የወራጅን አጎባበጥና አሰባበር በኮምፒውተር የሚያሰላ መሐንዲስ እንጨቱን በሐሳብ ወደ ብዙ ሺህ ትንንሽ ክፍሎች ይሸነሽነዋል። ብረት ቢሆን ሥራው በቀለለ፤ ብረት በየትኛውም አቅጣጫ ጠባዩ ያው ነው። እንጨት ግን በቃጫው ርዝመት ሲስቡት ቃጫውን አቋርጠው ከሚስቡበት ጊዜ ከ10 እጥፍ በላይ እምቢተኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሦስት ጠባይ ይሰጠዋል፦ በግንዱ ቁመት፣ ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ፣ በዕድሜ ቀለበቶቹ ዙሪያ። የጎበጠ ወራጅ ከላይ ይጨመቃል፣ ከታች ይወጠራል፤ የተጨመቀው ሲጨማደድ የተወጠረው ድንገት ይበጠሳል። ቅርንጫፍ የበቀለበት ጉጥ ጋ ቃጫው ስለሚጠማዘዝ ስሌቱ ይቸገራል። አናጺው ይህን በጣቱ ዳስሶ ያገኘዋል!

ጊዜም አለ። ዛሬ የቻለውን ሸክም ለዓመታት የተሸከመ ወራጅ ቀስ እያለ ይጎብጣል፤ እርጥበት ሲመላለስበት ይብስበታል። ለዚህ ቀርፋፋ ጉብጠት የራሱ ቃል ቢኖረን እወድ ነበር። «ዘመመ» አይሆንም፤ እሱ የግድግዳ ነው።