ኤዲሶን የፈለሰፈው ፎኖግራፍና የመተማ ጥያቄ

ፎኖግራፍ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ዘፈንን ነው። ፈልሳፊው ቶማስ አልቫ ኤዲሶን ግን በመጀመሪያ ያሰበው ለደብዳቤ ነበር። በዚህ አጭር ጥናት የኤዲሶንን ሕይወት፥ በተለይም ስለ ድምፅ ያደረገውን ምርምር ከገለጽን በኋላ፥ መሣሪያው በአገራችን ቤተ መንግሥት ለዚሁ ለደብዳቤ ተግባር እንዴት እንደ ዋለና የመተማን ጉዳይ ወደ እንግሊዝ አገር እንዴት እንዳደረሰ ለማስረዳት እንሞክራለን። “ዓ.ም.” ካልተባለ በቀር ዘመኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኤዲሶን በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1847 በአሜሪካ፥ በኦሃዮ ግዛት ሚላን በምትባል ከተማ ተወለደ። በትምህርት ቤት የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ሲሆን፥ ይበልጡን ያስተማረችው እናቱ ነበረች። ገና በልጅነቱ በባቡር ላይ ጋዜጣና ከረሜላ ይሸጥ ጀመር። ጆሮውም ከዚያው ዕድሜ ጀምሮ እየደከመ ሄደ። የአንድ የባቡር ጣቢያ ሹም ሕፃን ልጅ ከአደጋ ስላዳነ፥ አባትየው በውለታው የቴሌግራፍ ሥራ አስተማረው።

በ1876 በኒው ጀርሲ፥ በሜንሎ ፓርክ የምርምር ቤት አቋቋመ። በሚቀጥለው ዓመት ቴሌፎንንና ቴሌግራፍን ለማሻሻል ሲደክም ፎኖግራፍን አገኘ። አሠራሩ ቀላል ነው። ሰው ሲናገር ስስ ሽፋን ይንቀጠቀጣል፤ ከሽፋኑ ጋር የተያያዘው መርፌ በእጅ በሚዞር ሲሊንደር ላይ በተጠቀለለ ስስ የቆርቆሮ ወረቀት ላይ ምልክት ይተዋል። መርፌው በዚያው ምልክት ላይ ተመልሶ ሲሄድ ሽፋኑ እንደ ገና ይንቀጠቀጣል፥ ቃሉም ይሰማል። የፈጠራ መብቱ በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1878 ተመዘገበ።

በዚያው ዓመት ኤዲሶን በአንድ መጽሔት ላይ የመሣሪያውን ጥቅሞች ሲዘረዝር ያለ ጸሓፊ ደብዳቤ መላክን በመጀመሪያ ደረጃ አስቀመጠ፤ ሙዚቃ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዳሩ ግን የቆርቆሮው ወረቀት ጥቂት ጊዜ ከተሰማ ይበላሽ ነበር፤ ኤዲሶንም ወደ ኤሌክትሪክ መብራት ሥራ ዞረ። ሌሎች ሰዎች በሰም ላይ መቅረጽ ሲጀምሩ ተመልሶ በ1888 የተሻሻለውን የሰም ሲሊንደር ፎኖግራፍ አወጣ። ጆሮው ስለማይረዳው የመሣሪያውን እንጨት በጥርሱ ነክሶ የድምፁን ንዝረት በአጥንቱ ይቀበል ነበር። በኦክቶበር 18 ቀን 1931 ሲሞት በአሜሪካ ብቻ 1,093 የፈጠራ መብቶች በስሙ ተመዝግበው ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። መተማ ከጎንደር ወደ ሱዳን የሚወስደው የንግድ መንገድ በር ናት። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ተዋግተው የወደቁት በዚህች ስፍራ ነው። በሴፕቴምበር 1898 እንግሊዞችና ግብፆች ደርቡሾችን በኦምዱርማን ድል ባደረጉ ጊዜ መተማ የማን ትሁን የሚለው ጥያቄ ተነሣ።

ከዚህ ድል ጥቂት ቀደም ብሎ፥ በኦገስት 1898፥ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ ቃላቸውን በፎኖግራፍ ቀርጸው ነበር። ያመጣውም በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ወኪል የነበረው ጆን ሌን ሃሪንግተን ነው። ሲሊንደሩ ከተሰማ በኋላ እንዲሰበር ታዝዞ ስለ ነበር ጠፋ። በ1899 ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በተራቸው በአማርኛ ተናግረው መልስ ላኩ። ዐፄ ምኒልክም ሰላምታቸውን ካደረሱ በኋላ ስለ መተማ ተናገሩ፤ ዐፄ ዮሐንስ ስለ ሃይማኖታቸው የሞቱባት ስፍራ መሆኗን አስታውሰው፥ ከተማይቱን ለማግኘት የእንግሊዝን ርዳታ ተስፋ ማድረጋቸውን ገለጹ። ኤዲሶን ያሰበው ያለ ጸሓፊ የሚላክ ደብዳቤ ይኸው ነበር።

ነገር ግን ጉዳዩ የተወሰነው በድምፅ ሳይሆን በወረቀት ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው የድንበር ውል፥ ስለ እንግሊዝ መንግሥት የፈረመው ያው ሃሪንግተን ነበር። ወሰኑም ስፍራውን ለሁለት ከፈለው፤ ገላባት ለሱዳን፥ መተማ ለኢትዮጵያ ሆነች። ከተማይቱ እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች።

ስለዚህ ፎኖግራፉ የመተማን ዕድል ለወጠ ለማለት አንደፍርም። ለታሪክ ተማሪ ያለው ጥቅም ግን ከፍ ያለ ነው። የነገሥታት ደብዳቤ በጸሓፊና በአስተርጓሚ እጅ አልፎ ይደርሰናል። በዚህ መልእክት ግን ዐፄ ምኒልክ ስለ መተማ ያሉትን ከራሳቸው አንደበት እንሰማለን። የንግሥቲቱ ሲሊንደር ስለ ተሰበረ ከዚያ ንግግር በድምፅ የቀረው የኛው ወገን ብቻ ነው። ስለ ድንበር ታሪካችን የምንመራመር ሁሉ ውሉን ብቻ አንብበን እንዳናበቃ፥ ከውሉ በፊት የተነገረውንም አብረን ልንመረምር ይገባል።